የሌሊት ሺፍት ባልደረቦቼ የፍሉ ክትባት እንዲከተቡ እንዴት ላግባባቸው?

የሌሊት ነርስ (ሜሪላንድ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ከምንገናኘው ብዙዎቻችን ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም ስለምንሠራ አንድ ነገር ላማክራችሁ ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት የምሠራ ነርስ ነኝ። ዘንድሮ የእኛን ፎቅ ሠራተኞች የማስከተብ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ። ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ክትባቱ ለሠራተኛ ነጻ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ማን እምቢ ይላል ብዬ ነበር።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የቀኖቹ አብዛኞቹ ተከትበዋል። የሌሊቶቹን ግን ግማሹን እንኳ አላገኘሁም። በተለይ የእኛን ሰዎች። ሲኤንኤ (የነርስ ረዳቶች) አሉ፣ ጽዳት አሉ፣ ምግብ የሚያመላልሱ፣ በሽተኛ በአልጋ እየገፉ ኤክስሬይ የሚያደርሱ አሉ። ስጠይቃቸው አይቆጡም፣ አይከራከሩም። "እሺ፣ ነገ" ይሉኛል። ነገ ሲደርስ "ኧረ ዛሬ ደክሞኛል፣ ሌላ ቀን።" ጽዳት ላይ ያሉ እንደ እናቴ የማያቸው ሴት ደግሞ፣ "የኔ ልጅ፣ ለጉንፋን ምን መርፌ ያስፈልጋል? ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ" አሉኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ጠፋኝ።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። ባለፈው ጥር አንዲት አሮጊት ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ኦፕራሲዮን ተደርገው እኛ ጋ ተኝተው ነበር። ለመውጣት ሁለት ቀን ነበር የቀራቸው። ልጃቸው አልጋቸውን ደረጃ እንዳይወጡ ብላ ከላይ ወደ ሳሎን አውርዳ ጨርሳለች። ሆስፒታል በገቡ በስምንተኛው ቀን ትኩሳት ጀመራቸው። ሲመረመሩ ኢንፍሉዌንዛ ኤ፣ ያው ፍሉ ሆነ። በሽታው ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከቤታቸው ይዘውት አልመጡም። እኛ ጋ እያሉ ነው የያዛቸው።

ያን ሳምንት ሦስታችን እያሳለን ነበር የምንሠራው። አንዷ እኔ ነበርኩ። ማስክ አደርጋለሁ፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ማን እንዳስያዛቸው ማንም አያውቅም። ጠያቂም ሊሆን ይችላል። ክኒን ስሰጣቸው እጄን ያዝ አድርገው ነበር የሚውጡት። ወደ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ተወሰዱ፣ ወደ እኛም አልተመለሱም።

ሰው ማስገደድ አልፈልግም። ማሳፈርም አልፈልግም። እናንተ ጋ የሠራ ነገር ካለ ንገሩኝ።


ፋርማሲስቱ (ሲያትል)፦

እህቴ፣ በርቺ። እግዚአብሔር ያበርታሽ።

የማስገደድን ነገር ካነሳሽ የእኛ ከተማ ታሪክ አለ። ቨርጂኒያ ሜሰን የሚባለው የሕክምና ማዕከል ከሠራተኞቹ የሚከተቡት 54 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በአሜሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ክትባቱን ለሁሉም ሠራተኛ ግዴታ አደረገው። በመጀመሪያው ዓመት ከ4,703 ሠራተኛ 4,588ቱ ተከተቡ። 97.6 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ከ98 በመቶ በላይ ሆኖ ቀጠለ። የነርሶቹ ማኅበር ግን "ከእኛ ጋር ሳትደራደሩ ይህን ማድረግ አትችሉም" ብሎ ተከራከረ፣ ረታም። ያልተከተቡ የማኅበሩ ነርሶች ማስክ እንዲያደርጉ ተደረገ። ኒውዮርክም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያልተከተበ ሠራተኛ በፍሉ ወቅት በሽተኛ ባለበት ማስክ እንዲያደርግ ደንብ አውጥቷል።

ይህን የምነግርሽ ግዴታ ቁጥር እንደሚያመጣ እንድታውቂ ነው። አንቺ ግን አለቃ አይደለሽም፣ ባልደረባ ነሽ። ባልደረባ ሌላ መንገድ አለው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ክትባቱ የሚሰጠው የትና በስንት ሰዓት ነው?


የሌሊት ነርስ (ሜሪላንድ)፦

ምድር ቤት፣ የሠራተኞች ጤና ቢሮ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት።


ፋርማሲስቱ (ሲያትል)፦

መልሱን ራስሽ ጻፍሽው። የሌሊት ሠራተኛ ጠዋት 1 ሰዓት ይወጣል። ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አለ፣ ወደ ሁለተኛ ሥራው የሚሮጥ አለ። ቢሮው እስኪከፈት አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ማለት ነው? "ነገ" የሚሉሽ እኮ ክትባቱን ጠልተው ላይሆን ይችላል።

ክትባቱን ይዘሽ የምትዞሪበት ጋሪ አስፈቅጂ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ቴርሞሜትር ያለው ማቀዝቀዣ ሣጥን፣ መርፌ ማስወገጃ፣ አለርጂ ቢነሳ ኤፒኔፍሪን፣ ቅጹ፣ በቃ። ሰው ሲያርፍበት ወደሚቀመጥበት ክፍል አንቺ ሂጂ።


ሲኤንኤ ነኝ (ቨርጂኒያ)፦

እኔ ካልተከተቡት አንዷ ነኝ። ስሜን ጠርታችሁ እንዳታወግዙኝ እንጂ እውነቱን ልናገር።

ሁለት ቦታ ነው የምሠራው። አንዱ በኤጀንሲ ነው። ካልገባሁ አይከፈለኝም። የዛሬ ሦስት ዓመት ተከትቤ በማግስቱ ሰውነቴ ተቆራረጠ፣ ትኩሳት ነገር ነበረኝ፣ ክንዴን ማንሳት አቃተኝ። እኔ በሽተኛ አገላብጣለሁ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር አነሳለሁ። በክንዴ ነው የምበላው። አንድ ሺፍት ቀረሁ። የአንድ ሺፍት ገንዘብ ለእኔ የልጄ የአውቶቡስና የምሳ ነው።

ሌላው ደግሞ አነጋገር ነው። አንድ የሠራሁበት ቦታ ሱፐርቫይዘሯ ስብሰባ ላይ ያልተከተቡትን ስም በሰው ፊት አነበበች። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክትባት የሚለውን ቃል ስሰማ የሚመጣብኝ ያ ስብሰባ ነው።

የአሮጊቷን ታሪክ ሳነብ ግን አለቀስኩ። እኔም አሥራ ሁለት አረጋውያን አሉኝ።


የሌሊት ነርስ (ሜሪላንድ)፦

እህቴ፣ ማንም አያወግዝሽም። ይቅርታ በእነሱ ፈንታ። ስም ማንበብ ነውር ነው።

የክንዱን ነገር አልቀልድብሽም፣ ያማል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። እረፍት ከመውጣቴ በፊት ባለው የመጨረሻ ሺፍት ማብቂያ ላይ እከተባለሁ። ቢያመኝም ቤቴ ነኝ። ብዙ በማልጠቀምበት በግራ ክንዴ ነው የማስወጋው። መርፌው ሲገባ ክንዴን ልቅቅ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ አንቀሳቅሰዋለሁ። አንቺ እረፍትሽ መቼ ነው?


ሲኤንኤ ነኝ (ቨርጂኒያ)፦

ረቡዕ። በሁለቱም ሥራ የማልገባባት ብቸኛ ቀን።


ፋርማሲስቱ (ሲያትል)፦

ማክሰኞ ማታ ማለት ነው እንግዲህ።

ሕመሙንም በደንብ ልግለጸው፣ ብዙ ሰው "ክትባቱ ራሱ ፍሉ አስያዘኝ" ይላል። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ውስጥ ያለው ወይ የሞተ ቫይረስ ነው፣ ወይ የቫይረሱ አንድ ቁራጭ ፕሮቲን ነው። የሞተ ነገር በሽታ ሆኖ አይነሳም። የሚሰማሽ ድካምና ትኩሳት ሰውነትሽ ጠላቱን ሲለማመድ ነው። መከላከያው ተገንብቶ እስኪያልቅ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። በዚያ መሐል እውነተኛ ፍሉ የሚይዘው ሰው አለ፣ ያን ጊዜ ክትባቱ ይታማል። ለዚህ ነው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ቢሰጥ ጥሩ ነው የሚባለው።


ሸገር77 (አትላንታ)፦

ወንድሜ ፋርማሲስቱ፣ በአክብሮት ልጠይቅህ። በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የአሳማ ፍሉ ብለው ሕዝቡን ከትበው ሰው ሽባ ሆኗል፣ ፕሮግራሙን አቁመውታል። ይሄ እውነት ነው ወይስ ወሬ?


ፋርማሲስቱ (ሲያትል)፦

እውነት ነው። የተከተበው ሰው 45 ሚሊዮን ያህል ነበር። ጊያን ባሬ የሚባለው የነርቭ ሕመም ከ100,000 ተከታቢ አንድ ያህል ተጨማሪ ሰው ላይ ታየ። ስለታየም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አቆሙት። አሁን በሚሰጡት ክትባቶች ያ ስጋት ካለ ከሚሊዮን አንድ ወይም ሁለት ነው። ፍሉ ራሱም ያን ሕመም ሊያስከትል ይችላል፣ እንዲያውም ይበልጥ። ከዚህ በፊት ጊያን ባሬ የያዘው ሰው ግን ከመከተቡ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ይህን የሚጠይቅ ባልደረባ ሲያጋጥማችሁ "ወሬ ነው" ብላችሁ አታባርሩት። እውነቱን ሲያገኘው ሌላውንም ነገራችሁን አያምንም።


አስተርጓሚ (ዲሲ)፦

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ሆስፒታል ውስጥ በአማርኛ አስተረጉማለሁ። የሌሊት ነርስ፣ ያ "ለጉንፋን ምን መርፌ ያስፈልጋል" ያሉሽ እናት ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ችግሩ ከቃሉ ነው።

አማርኛችን አፍንጫ የሚያስነጥሰውንም፣ አልጋ ላይ የሚጥለውንም "ጉንፋን" ይለዋል። ድሮ ዶክተሩ "ፍሉ" ሲል እኔ "ጉንፋን" ብዬ ነበር የማቀብለው። ወዲያው የሰውዬው ፊት ዘና ይላል። ጉንፋን እኮ ነው! ማን ለጉንፋን ይደነግጣል? አሁን እንዲህ አልልም። "ኢንፍሉዌንዛ" እላለሁ፣ ከዚያ እጨምርበታለሁ። "ድንገት የሚጀምር፣ አጥንት የሚቆረጥም፣ ትኩሳቱ የሚያንቀጠቅጥ፣ አንዳንዱን ሰው ሳንባው ድረስ የሚወርድ።" ያኔ "አሃ፣ እሱማ አንድ ጊዜ ይዞኝ ሞቼ ነበር" ይላሉ። እዚያ ላይ ነው ንግግሩ የሚጀመረው።

ዝንጅብሉንም አትቃወሚባቸው። "ዝንጅብሉንም ይጠጡ፣ ይሄኛው ግን ሳይመጣ በፊት በሩን የሚዘጋ ነው" በያቸው።


የቀበና ልጅ (ሎስ አንጀለስ)፦

አስተርጓሚ ያለው ላይ ልጨምር። ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል፣ መንደሩ በጭስ ሲታፈን የማያስታውስ የከተማችን ልጅ የለም። ኅዳር ሲታጠን። እኛ ልጆች ሆነን እሳቱን እንዘላለን እንጂ ለምን እንደሆነ አንጠይቅም ነበር።

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባን የፈጀው "የኅዳር በሽታ" ኢንፍሉዌንዛ ነው። ዓለም የስፔን ፍሉ የሚለው ያው ነው። በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር፣ ዳኑ። ቀባሪ ጠፍቶ ነበር ይባላል። አያቴ ከእናቷ የሰማችውን ስትነግረን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

ለእነዚያ እናት ይሄንን ብትነግሪያቸው ምን ይመስልሻል? ክትባቱ ለጉንፋን ሳይሆን ለኅዳር በሽታ ዘመዶች ነው።


የሌሊት ነርስ (ሜሪላንድ)፦

ጋሼ፣ ይሄ እኔም ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ኅዳር ሲታጠንን ከፍሉ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። እግዜር ይስጥልኝ።


ሰንበቴ (ዳላስ)፦

እኔ ደግሞ የሚያሳፍር የሚመስል ጥያቄ አለኝ። ክትባቱ በእንቁላል ነው የሚሠራው ይባላል። እኛ ጋ የሚሠሩ ሁለት እህቶች የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ አንወስድም አሉ። ከኅዳር 15 እስከ ገና ድረስ ደግሞ በሽታው የሚበረታበት ጊዜ ነው።


እሙ ሰልማ (ሚኒያፖሊስ)፦

አያሳፍርም እህቴ። እኛም ጋ እንዲሁ የአሳማ ነገር አለበት ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ሰው ሃይማኖቱን ሲጠነቀቅ መከበር አለበት። ፋርማሲስቱ ይመልስልን።


ፋርማሲስቱ (ሲያትል)፦

ሁለቱም ጥያቄ ጥሩ ነው።

ሰንበቴ፣ አብዛኛው ክትባት ቫይረሱ በዶሮ እንቁላል ውስጥ አድጎ ነው የሚዘጋጀው። ግን እንቁላል ጭራሽ የማይነካቸው ሁለት ዓይነቶች አሉ። ፍሉብሎክና ፍሉሴልቫክስ ይባላሉ። ሆስፒታላችሁ ፋርማሲ ጠይቂ። ጾሙን በተመለከተ ግን እኔ የምወስነው አይደለም፣ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። ወይም ከጾሙ በፊት ጥቅምት ላይ ይጨርሱ። የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ አሁን ባለው መመሪያ ማንኛውንም ዓይነት መውሰድ ይችላል።

እሙ ሰልማ፣ በአፍንጫ የሚነፋው ፍሉሚስት ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን አለበት። እዚህ የሚሰጡት መርፌዎች ግን የለባቸውም። መርፌውን ይውሰዱ። ፍሉሚስት ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ነፍሰ ጡር እናት መርፌውን በማንኛውም ወር መውሰድ ትችላለች። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ራሱ መከተብ ስለማይችል የእናቱ ክትባት ነው የሚጠብቀው። ነፍሰ ጡር ሲኤንኤ ካለች ቀድማችሁ ለእሷ ንገሯት።


ስኮትላንድ ነኝ (ግላስጎው)፦

የምኖርበት ከተማ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጠንቶበታል። አንዱን ላካፍላችሁ፣ ምክንያቱም "እኔ ፍሉ አይዘኝም" ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

በ1993/94 እ.ኤ.አ. የብርድ ወራት ግላስጎው ውስጥ የ518 የጤና ሠራተኞች ደም ወቅቱ ከመግባቱ በፊትና ካለፈ በኋላ ተመረመረ። 120ዎቹ ኢንፍሉዌንዛ ይዟቸው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 59 በመቶዎቹ ፍሉ እንደያዛቸው አያስታውሱም። 28 በመቶው ጭራሽ ሳል እንኳ አልነበረኝም ባይ ነው። ማለት ሥራ እየገቡ፣ በሽተኛ እያጠቡ፣ ምግብ እያጎረሱ በሽታው ውስጣቸው ነበር። ሰው ምልክት ሳያይም በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል። የሚታመመውም ቢሆን ምልክቱ ከመጀመሩ አንድ ቀን ቀድሞ ያስተላልፋል። ስለዚህ "ሲያመኝ እቀራለሁ" አይበቃም።

ሌላም ጥናት አለ። በ20 የአረጋውያን ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ። ሠራተኛው ክትባት በቀረበለት ቦታ ከሕሙማኑ የሞቱት 13.6 በመቶ፣ ባልቀረበለት 22.4 በመቶ። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ግን እንዳትሮጡ። ልዩነቱ በፍሉ ብቻ ሊገለጽ ከሚችለው በላይ ነው ብለው የተቹት ተመራማሪዎች አሉ፣ ትችታቸውም ሚዛን ይደፋል። ክትባቱ ራሱ ከቫይረሱ ጋር በደንብ በገጠመበት ዓመት ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው የሚከላከለው። መቶ በመቶ ብላችሁ ከሸጣችሁት የመጀመሪያው ተከትቦ የታመመ ሰው ያፈርሰዋል። "ግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ ቢይዝህም ቀለል ይልልሃል" ማለት ይበቃል። እኔ እንዲያ ስል የሚሰሙኝ ይበዛሉ።


ስታፍ ነርስ (አዲስ አበባ)፦

እኛ ጋ የፍሉ ክትባት በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ውስጥ የለም። በነጻ ጋሪ ይዞ የሚዞር ሰው ማግኘታችሁ ያስቀናል።

የኮቪድ ክትባት መጋቢት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ግን የጤና ባለሙያ ቀድሞ ነበር የሚወስደው፣ እኛም እንዲሁ ስንፈራ ነበር። ወረቀት ተለጠፈ፣ ገለጻ ተደረገ፣ ሰው ያው ቁጭ ብሎ ይተያያል። አንድ ጠዋት የክፍላችን ሜትሮን (የነርሶች ኃላፊ) ጋውኗን አወለቀች፣ እጅጌዋን ጠቀለለችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ምንም አልተናገረችም። ስትነሳ ቦታው ላይ ሰው ተተካ። ከዚያ ሰልፍ ሆነ። ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ አስቢበት።


የሌሊት ነርስ (ሜሪላንድ)፦

ቤተሰብ፣ ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ፣ ይቅርታ። ወሬ ይዤ መጣሁ።

ጋሪው ተፈቀደ። አለቃዬ መጀመሪያ "ሌሊት ማን ይጠብቀዋል" ብላ ነበር። እኔና አንድ ፊሊፒናዊት ነርስ ሆነን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ያው በዚህ አገር 3 ኤኤም ማለት ነው፣ ሰው የሚያርፍበት ክፍል ይዘነው ገባን። ሰዓቱን የመረጥኩት ያን ጊዜ ሁሉም ስለሚቀመጥ ነው። ምግብ ማሞቂያው ይሠራል፣ አንዱ ሽሮውን ያወጣል፣ አንዱ ጫማውን አውልቆ እግሩን ይዘረጋል።

ምንም ስብከት አልሰበክሁም። የሜትሮኗን ነገር አስቤ የሌሊቱን ቻርጅ ነርስ (የሺፍቱን ኃላፊ) አስቀድሜ ለምኜው ነበር። ገባ፣ ተቀመጠ፣ ተከተበ፣ ቡናውን ቀዳ። ቀጥሎ አንዱ ትራንስፖርተር (በሽተኛ የሚያመላልስ) "እስኪ እኔንም" አለ። የሁሉንም የእረፍት ቀን ጠየቅሁ። ነገ ሥራ ያለውን "በእረፍትህ ዋዜማ እመለስልሃለሁ" ብዬ ስሙን ለራሴ ብቻ ያዝኩ። በዚያች ሌሊት ሰባት ሰው ተከተበ።

ዝንጅብል ጠጪ ያሉኝ እማማ ጥጉ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ኅዳር በሽታ አነሳሁባቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ "የእናቴ ታላቅ እህት በእሱ ነው የሞተችው። እናቴ አላየቻትም፣ ስሟን ግን ለእኔ አወጣችልኝ" አሉ። ምን እንደምል ጠፋኝ። የሥራ ሹራባቸውን እጅጌ ራሳቸው ሰበሰቡት። ክንዳቸው ቀጭን ነው። ከውስጥ የለበሱት ነጠላ ጫፉ ብቅ ብሎ ነበር፣ እሱንም በእጃቸው ገለል አደረጉልኝ። ወግቼ ፕላስተሩን ስለጥፍ "አለቀ እንዴ?" አሉ።

ከዚያ ባለቤታቸው 71 ዓመታቸው እንደሆነና ሳንባቸውን እንደሚያማቸው ነገሩኝ። ከ65 በላይ ለሆነ ሰው መጠኑ ከፍ ያለ የተለየ ክትባት እንዳለና ፋርማሲ ሄደው "ሃይ ዶዝ" ብለው እንዲጠይቁ በአማርኛ ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው ባጃቸው ፕላስቲክ ውስጥ ከቱት።


ሲኤንኤ ነኝ (ቨርጂኒያ)፦

ማክሰኞ ማታ ተከተብኩ። በግራ ክንዴ። ረቡዕ ተኝቼ ዋልኩ፣ ትንሽ ክንዴን ያዘኝ እንጂ ትኩሳት አልነበረኝም። ሐሙስ ገብቻለሁ።

እኛ ጋ ግን ጋሪ የለም። እንዴት እንዳስፈቀድሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ለማን ነው መጀመሪያ የጠየቅሽው?


የሌሊት ነርስ (ሜሪላንድ)፦

እልል! አሁን እጽፍልሻለሁ። ለኢንፌክሽን ቁጥጥር ክፍሏ ነርስ ነው መጀመሪያ የጻፍኩት። ደብዳቤውን እንዳለ እልክልሻለሁ፣ የፎቅሽን ስም ብቻ ቀይሪው።